ሽቦ ያለው ከበሮ

ባለፈው ክረምት ዝናብ አባሮኝ ዓባይ ማዶ አንድ ጌም ቤት ተጠለልሁ። ወጣቶች ቴሌቪዥን ከበው ይጯጯሃሉ። ስክሪኑ ላይ ቀለም ይወርዳል፤ ተጫዋቹ ቀለሙን እየተከተለ የፕላስቲክ ከበሮ ይመታል፤ ከሳተ ማሽኑ ይጮህበታል።

«እስቲ እኔም ልሞክር» አልሁ።

የቤቱ ባለቤት ገና ጎረምሳ ነው። «እናቴ፣ ይኼ እንኳ ለእርስዎ ይከብዳል» አለኝ።

ለእኔ? ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ከዱርቤቴ ድረስ መጥተው የሚወስዱኝ ለከበሮ ነው።

ወንበር ሰጡኝና መታሁ። ማሽኑ ጮኸብኝ፤ ልጆቹ ሳቁ። ደገምሁ፤ አሁንም ጮኸ። ጥፋቱ ግን የእኔ አልመሰለኝም። እኔ ሰርግ ላይ ተቀምጬ መትቼ አላውቅም። ብድግ አልሁና ከበሮውን በነጠላዬ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁት።

«ኧረ እናቴ፣ ቀስ ይበሉ» አለ ባለቤቱ።

ቀስ አላልሁም። ማሽኑ የፈለገውን ይጩህ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁና በራሴ አመታት ደለቅሁት። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥሎ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ወዲያ ወዲህ እያልሁ ባሰብኝ። ማሽኑ አንድም ጊዜ አልጮኸብኝም። አፉን አስያዝሁት አልሁ በልቤ።

ሲደክመኝ ዓይኔን ገለጥሁ። ስክሪኑ ጨልሟል። ባለቤቱ የተነቀለ ሽቦ በእጁ ይዟል።

«መቼ ተነቀለ?» አልሁት።

«ገና አንገትዎ ላይ ሲያንጠለጥሉት» አለኝ፣ እስክስታውን ሳያቆም።