የአዴ ወርቂቱ እጅ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው የሚያውቁት ጾም መግደፌንና አንዳንዴ ጠጅ ማብዛቴን ነው። እነዚያን በየዓመቱ እየደጋገምኩ ስናዘዝ ይህችን ከሥር ሸሽጌ አስቀራታለሁ። ለሚስቴም አልነገርኩም። ለእርስዎ ለአንባቢው የምነግረው ፊትዎን ስለማላየው ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ፊት ሳይ ኖሬ፣ እየሰማ የሚያየኝን ፊት ፈራሁ።

ነቀምት ውስጥ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር፣ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ዓይኔ መለኪያ ነው እል ነበር። አሁን መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን የምፈልገው ሰውዬ፣ ዓይኔ መለኪያ ነው! ፎቶ የማስተካክልበት የኮምፒውተር ስክሪን ከእኔው ጋር አረጀ። በየዓመቱ ትንሽ ደበዘዘ፣ ትንሽ ቢጫ ሆነ። እኔ ደግሞ ፎቶው የጨለመ እየመሰለኝ ብርሃን ጨመርኩ፤ ቢጫውን ለመግደል ሰማያዊ ጨመርኩ። ስክሪኑ ላይ ደህና የሆነው ፊት ከፕሪንተሩ ሲወጣ የነጣ ነበር። ማን ይንገረኝ? ሙሽሮች “ጋሽ መኮንን ሲያነሳ ሰው ይቀላል” እያሉ ከየከተማው ይመጡልኝ ጀመር። ስህተቴን ሙያ አሉት፤ እኔም ተኮፈስኩበት።

አዴ ወርቂቱ (አዴ በእኛ አገር ለእናት የክብር መጠሪያ ነው) የመጡት ነቀምት አጠገብ ካለችው ከዲጋ ነው። ልጃቸው ጫልቱ፣ አስተማሪ ልትሆን ስትማር የነበረችው፣ ታማ ከሞተች ወር አልሞላትም። ስልኳ በሕመሟ ሰሞን ጠፍቷል፤ ቤታቸው ውስጥ አንድም ፎቶዋ የለም። ከዓመት በፊት ግን ለጓደኛዋ ሚዜ ሆና እኔ አንስቻት ነበር።

“ኦቦ መኮንን፣ እሷን ብቻ ያውጡልኝ” አሉኝ። “ትልቅ ትሁን። ከግድግዳ ላይ ሆና ታየኛለች።”

አወጣኋት። አሳደግኋት። አቀላኋት።

ሊወስዱ ሲመጡ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

“ይቺ ማን ናት?”

“ጫልቱ ናታ፣ አዴ!”

“የኔ ልጅ ጥቁር ናት። ጉራቲ እያልኩ ነው ያሳደግኳት።” ጉራቲ፣ ጥቁሯ፣ የቤት ስሟ መሆኑ ነው። ከዚያ የሹራባቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ፎቶው ላይ፣ ልክ ከጉንጯ ጎን አሳረፉት። “ይኸው ቀለሟ። ከኔ ነው የወሰደችው። እዚህ ጋ፣ ፀሐይ ያልነካው።”

ያ ክንድ ዛሬም ይታየኛል። ሱቄ ውስጥ ከገባ መለኪያ ሁሉ እውነተኛው እሱ ነበር። እኔ ምን አልኩ? “አዴ፣ ለቅሶ ዓይን ያደክማል። ካሜራዬ ያየውን ነው ያወጣው” አልኩ። ፈገግም አልኩ። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ፈገግ አልኩ።

“እሺ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለችውን ያሳዩኝ፤ ያልተነካችውን።”

“እሷው ናት። ሌላ የለም።”

ነበረች። ያልተነካችው ከጀርባዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር። ከፍቶ ማሳየት ሁለት ደቂቃ ነው። ግን ወንበር ላይ ሁለት እጮኛሞች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ጋሽ መኮንን ተሳሳተ ሊባል ነው። አላሳየሁም። አዴ ወርቂቱ ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲወጡ፣ የሚያውቅ ሰው ይዘው ቢመለሱስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ያልተነካችውን ሰረዝኳት። ውሸቴ እውነት እንዲሆን ሰረዝኳት። መብራት አልጠፋም፣ ቫይረስ አልገባም፣ ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ የሰረዝኳት።

ከዓመታት በኋላ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር፣ ሰኚ የምትባል የቡርቃ ጃቶ ሰፈር የኮምፒውተር ባለሙያ አዲስ አምጥታ ከአሮጌው ጎን አቆመችው። በሁለቱም አንድ ፎቶ ከፈተች። አሮጌው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። ያተምኩትን ይዛ በር ላይ፣ ቀን ብርሃን ላይ ወጣች፤ አየችው፤ ተመለሰች።

“አባባ፣ በዚህ ነው ሰው ሲያቀሉ የኖሩት?” ብላ ሳቀች። “ያተሙትን ከእውነተኛው ጋር አስተያይተው አያውቁም?”

አንዲት እናት አስተያይተውልኝ እንደነበር አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ዲጋ ሄድኩ፤ ልናዘዝ ነው የሄድኩት። አዴ ወርቂቱ ከእኔ ብሰው አርጅተዋል። “አካም ጅርቱ፣ ኦቦ መኮንን!” ብለው ተቀበሉኝ፤ እርጎ ቀዱልኝ። የነጣችው ጫልቱ ከግድግዳው ላይ ታየናለች።

“እውነትዎን ነበር” አሉኝ እሷን እያዩ። “ያኔ አላወቅኳትም። ሰንብቼ ለመድኳት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣልኝ ይቺ ናት። ለካ ልጄ ቀይ ነበረች።” ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ያችኛዋ ቀረች” አሉ።

ክንዳቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ቀለሙ ያው ነው። ከእንግዲህ ግን ፎቶው ጎን የሚያሳርፉት አይመስልም።

አፌን ከፈትኩ፤ እርጎ ጠጣሁበት። ብነግራቸው ያችኛዋን አልመልስላቸው፤ ይቺንም እነጥቃቸዋለሁ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሲያምር! ፊት ሳሳምር የኖርኩት ሰውዬ ይህንንም አሳመርኩት። ፍርሃት ነው። ልጃቸውን ሁለተኛ የገደልኩባቸው እኔ ነኝ፤ ለዚያውም መቃብሯ ውስጥ የሌለ ፊት አስለምጄአቸው።

እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ የጫልቱ እናት አይደሉም። የጫልቱ እናት ዲጋ ናቸው፣ በሕይወት አሉ። ከዚህ የመኪናው ሞተር ሳይሞቅ ይደረሳል። ይህን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ገና ቀን ነው፤ እኔም ቤቴ ተቀምጫለሁ።