የባለ እንስራዋ ግምገማ

የስልክ ጨዋታ ሰውን ከኑሮው ያስረሳዋል ይባላል። አያስረሳም። ጅቡቲ ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የሰውን ጭካኔ ያለ ምንም መሸፋፈኛ ያየሁት ባለ ቀለም ድንጋይ እያገጣጠሙ በሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ላይ ነው። ወደቡ ላይ ጭካኔ ሰበብ አያጣም፤ ሙቀቱ አለ፣ ወረፋው አለ፣ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ምሳ መውጣቱ አለ። ጨዋታው ላይ ሰበብ የለም። ሰው እንዳለ ይታያል።

ጅቡቲ የገባሁት ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ የአገሩ ዕቃ ሁሉ ፊቱን ወደዚህ ወደብ ባዞረ ጊዜ ነው። ትራንዚተር ቢሮ ውስጥ የዕቃ ሰነድ አስፈጽማለሁ። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ መጽሐፎቼን በካርቶን ደርድሬ፣ ከማንም ጋር በምንም ላለመስማማት እየተጋሁ ኖርኩ። ጫት አልቅምም። በዚያ ከተማ የማይቅም ወንድ ከሰዓት በኋላ የሚያናግረው ሰው የለውም፤ ጫቱ ከአገር ቤት የደረሰ እንደሆን ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ስለዚህ የውሃ ጠርሙሴን ይዤ ከሚቅሙ ሾፌሮች መካከል እቀመጥ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁሉም አንድ እጃቸው ቅጠል፣ አንድ እጃቸው ስልክ ይዞ ነበርና ጨዋታውን ያስለመዱኝ እነሱ ናቸው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ሦስት ድንጋዮች ስታገጣጥም ይፈነዱና ጠላትህን ይመታሉ። ከድንጋዮቹ በታች የመረጥካቸው ጀግኖች ተሰልፈው ቆመዋል። የቀለማቸው ድንጋይ በፈነዳ ቁጥር ጉልበት ይሞላሉ፤ ሲሞሉ ልዩ ችሎታቸውን ይለቃሉ። አንዱን ጀግና ለማጠንከር ሌላውን ጀግና ታበላዋለህ። የተበላው አይመለስም። ተጫዋቾቹ በቡድን ሆነው ከሌላ ቡድን ጋር ይዋጋሉ፤ በየውጊያው እያንዳንዱ አባል የድርሻውን ምት ይመታል፤ ቡድኑ የሚይዘው የሰው ልክ ስላለው አንድ ካልወጣ አንድ አይገባም።

የእኛ ቡድን አብዛኛው የመስመሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥርሱን ጫት የጨረሰው ሰው ሲሆን ሁሉም "አለቃ" ይሉታል። የጀግኖቹ ስም የፈረንጅ ስለነበር አለቃ እንደገና አጠመቃቸው። ቀዩን ግዙፍ ባለ መዶሻ "ተሳቢው" አለው፤ ለመነሳት ይዘገያል፣ አንዴ ከተነሳ ግን ማንም አያቆመውም። ሾፌሮቹ ጀግናን የሚመዝኑት እንደ መኪና ነው። ዳገት ላይ ምን ያህል ይጎትታል? ፍሬኑስ? ሌላ ጥያቄ የላቸውም። እኔ ደግሞ መጻፍ ስለማይተወኝ የእያንዳንዱን ጀግና ብርታትና ድክመት እየጻፍኩ ለቡድኑ እልክ ነበር። ጨዋታው ፊደላችንን ወደ ባዶ ሳጥን ስለሚቀይረው አማርኛውን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነው። "ዛሬ ደግሞ ፕሮፌሰር ማንን ሊቀብር ነው?" ይላል አለቃ። አንዱንም እስከ መጨረሻው አንብቦት አያውቅም።

ከቡድኑ አንዲት ሴት ነበረች። ኤሮን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር በአንድ የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ከእመቤቷ ጋር በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ ከዘበኛው ጋር በሶማሊኛ ትግባባለች። ዕረፍቷ አርብ ሲሆን ካርቲየ 3 አንዲት የአገራችን ሴት ወደከፈተችው ምሳ ቤት ትመጣለች። ከአርብ እስከ አርብ ያላት አማርኛ ያ በላቲን ፊደል የሚጻፍ የቡድን ወሬ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሲተኛ ትገባና "እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ" ትላለች። ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጣት የለም። አንዱ ጎማ ፈንድቶበት ሲራገም፣ ሌላው ሲስቅበት ታነባለች። ይበቃታል።

ያሳደገችው ጀግና አንዲት ብቻ ናት፤ አረንጓዴ የለበሰች፣ እንስራ ያዘለች ሴት። ስትሞላ ማንንም አትመታም። ከእንስራዋ ታፈስና የጓደኞቿን ቁስል ታድናለች። ሌላው ሰው ሁሉ ባለ እንስራዋን ገና ስትደርሰው ለተሳቢው ያበላታል። ይህች ግን አላበላችም። አንድ አርብ ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

"ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ቤት ውስጥ አንድ እንኳ ያስፈልጋል" አለችኝና ሳቀች። "ደግሞ ከሁሉም የማትጮኸው እሷ ናት።"

ከዚያ ከጨዋታው ጠፋች። ምክንያቱ ተራ ነው። እመቤቷ ልጆቿ ስልክ አበዙ ብላ የቤቱን ኢንተርኔት የይለፍ ቃል ቀየረች፤ አዲሱን ለሠራተኛዋ መንገር ትዝ አላላትም። ጅቡቲ ውስጥ በራስ ካርድ ጨዋታ መጫወት ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ የሚችለው አይደለም። ቡድኑ ደጋግሞ ሲዋጋ የእሷ ምት ሳይመታ ቀረ፤ ተሸነፍን። በዚያው ሰሞን አንድ ኃይለኛ ተሳቢ ያሳደገ ሾፌር ልግባ እያለ አለቃን ይለምነው ነበር። አለቃ የቆመ አባል አለ፣ አስወጣለሁ ብሎ ለቡድኑ ጻፈ።

አርብ ምሳ ቤቱ ስትመጣ ወሬው ቀድሟት ነበር። ከአጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እንዳያስወጡኝ ለአለቃ ይንገሩልኝ። እመቤቴን እጠይቃታለሁ፤ ደህና ቀን ላይ ስትሆን ነው የምጠይቃት። እስከዚያ ቦታዬን ይያዙልኝ።"

"ራስሽ ለምን አትነግሪውም? ያው እዚያ ጥግ ተቀምጧል።"

"ይስቅብኛል። ለጨዋታ ብላ ልታለቅስ ነው ይላል።" ጣቷን በብርጭቆው አፍ ዙሪያ አዞረች። "በአዘቦት ቀን አማርኛ የማይበት ሌላ ቦታ የለኝም።"

እራት መሥራት ነበረባትና ቀድማ ሄደች። እኛ ወደ ጓዳው ተዛወርን፤ ፍራሹ ተነጠፈ፣ ጫቱ ተፈታ።

"አለቃ፣ ያቺን ልጅ አታስወጣት" አልኩ።

"የትኛዋን?"

"ባለ እንስራዋን ያሳደገችውን።"

"እ! የቆመ መኪና።" ለጋ ቅጠል እየመረጠ፣ "የቆመ መኪና ቦታ ይይዛል እንጂ ጭነት አያደርስም፣ ፕሮፌሰር" አለኝ።

ይህን የሚለኝ ሰው ፔካ ዱዝ በሚሉት የመኪና ማቆሚያ ጭነት ሲጠብቅ ስንት ቀን እንደቆየ እሱም ረስቶታል። በመኪናው ጥላ ሥር ሽርጡን አገልድሞ እንደ ተዘረጋ ነው የሚውለው። ከመስመሩ ያስወጣው የለም። ይህንኑ ነገርኩት።

"እኔ ወረፋ ይዤ ነው!" አለ ቱግ ብሎ።

"እሷም ወረፋ ይዛ ነው። የእመቤቷን ደህና ቀን።"

"ኧረ አለቃ፣ በዚህስ አገኘህ!" አለ ከጎኑ የተቀመጠው ረዥም ቀጭን ሾፌር። ተሳቀ።

አለቃ በሳቅ መሸነፍ አይወድም። "እሺ፣ ግምገማ እንቀመጣ!" አለ፣ ትራሱን ወደ መሃል ገፍቶ። "ሂስና ግለ ሂስ! ፕሮፌሰር፣ ጀግናዋን ገምግማት። ብርታቷን ተናገር፤ ድክመቷንም እንዳትደብቅ። ከዚያ ቤቱ ይወስናል።"

በእኛ ዘመን ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። ውሳኔው ያለቀ ነው፤ ስብሰባው የሚጠራው ተገምጋሚው ራሱ እንዲያጨበጭብ ነው። እዚህ ተገምጋሚዋ እንኳ አልተገኘችም። ቢሆንም ገባሁበት።

ከድክመቷ ጀመርኩ። ባለ እንስራዋ ብቻዋን ጉንዳን አትገድልም። ለመሙላት ትዘገያለች። ብልህ ጠላት መጀመሪያ የሚመታው እሷን ነው፤ ከወደቀች ደግሞ የሚያነሳት የለም፣ የምታነሳው እሷ ነበረችና። ብርታቷን ግን ተሳቢው ላይ ነው የምታየው። ተሳቢው አንዴ መትቶ ደሙ ሲያልቅ ሁለተኛ እንዲመታ የምታቆመው እሷ ናት፤ ድሉ በእሱ ስም ይጻፋል። ከርቀት ስትታይ ምንም አትሠራም። ሥራዋ የሚታወቀው በሌላ ሰው ላይ ነው።

"አንተ ራስህ" አልኩት አለቃን፣ "ስትሸነፍ ሁልጊዜ አንድ ምት ብቻ ቀርቶኝ ነበር አይደል የምትለው? ያቺ አንድ ምት የምትገኘው እንስራዋ ውስጥ ነው።"

ይህን ስናገር ምርቃናው ቤቱን ይዞት ነበር። ምርቃና ላይ ያለ ሰው የመሰለ ደግ የለም። የተጣላውን ይቅር ይላል፣ ፋብሪካ ይከፍታል፣ ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ አስፋልት ያነጥፋል። ረዥሙ ሾፌር ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ሚስቴ እኮ እንደዚህ ናት" አለ። "እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ ነግሬያት አላውቅም።"

"ማንም አያስወጣትም!" አለ አለቃ ደረቱን እየመታ። "እኔ ቆሜ እየሄድኩ? እህታችን አይደለችም እንዴ?"

"እንግዲያው አሁኑኑ ለቡድኑ ጻፈው" አልኩ። "ስልኩ እጅህ ላይ ነው።"

ስልኩን ፍራሹ ላይ ደፋው። ከዚያ ክፉኛ ተቀየመ። "የእኔ ቃል በጽሑፍ ካልሆነ አይታመንም ማለት ነው? ይሄ ሰውዬ እኮ ሰው አያምንም፤ ወረቀት ነው የሚያምነው!"

"ነውር ነው ፕሮፌሰር" አሉኝ ከየፍራሹ።

የምርቃና ቃል ማንንም እንደማያስር የሚቅም ሁሉ ያውቃል። ጠዋት ተነስቶ "ትናንት እንዲህ ብለህ ነበር" የሚል ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። ሲመሽ ጨብሲው ይመጣል፤ ቢራው ምርቃናውን ይሰብረዋል፣ ፋብሪካውም አስፋልቱም አብሮ ይፈርሳል። ጫት ሰውን ያቀራርባል እያሉ የሚሰብኩ አሉ። ያቀራርባል፤ ያቀራረበውን የሚያበቃበትን ሰዓት ግን አይናገሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የለችም። በቦታዋ ያ ተሳቢ ያለው ሾፌር ገብቷል። ለአለቃ ደወልኩ።

"ምነው አለቃ?"

"ምን ምነው?"

"ትናንት ያልከውስ?"

"ውይ ፕሮፌሰር፣ ያ እኮ ጨዋታ ነው!" አለ። ጭነት አግኝቶ ሊነሳ ነው፤ ከኋላው ሞተር ያጓራል። "ደግሞ ጀግናዋ ጥሩ ናት፤ እኔ መቼ ካድኩ? ልጅቷ ናት የማትረባው።"

ለሥዕሏ አለቀሱ፤ ልጅቷን አስወጡ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ የሰውን ልጅ እንደ አለቃ በአጭር ቃል የገለጸ አላጋጠመኝም።

"እንግዲያው እኔ ወጣሁ" አልኩት። "በእኔ ቦታ አስገባት።" ስልኩን እንደ ዘጋሁ ወጣሁ። አለቃ ለተገኘው ክፍት ቦታ ከልቡ አመሰገነኝ፤ ቀኑ ሳይመሽም ሌላ ሾፌር አስገባበት።

በሚቀጥለው አርብ ልጅቷ ምሳ ቤቱ ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር። እመቤቷ ደህና ቀን ላይ ተገኝታ የይለፍ ቃሉን ነግራታለች።

"ጋሼ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። "የምሳ ቤቷ ሴትዮ ነገረችኝ። በጣም እንደተከራከሩልኝም ነገረችኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደካማ ናት ስላሉ ነው አይደል?"

"ማን ናት ደካማ?"

"ባለ እንስራዋ ነቻ። እውነታቸውን ነው እኮ።" ስልኳን ከፍታ ወደ እኔ አዞረችው። "አበላኋት።"

"ለማን?"

"ለተሳቢው! አንድ የተረሳ ተሳቢ ነበረኝ። ይኸው፣ ይዩት እንዴት እንደጠነከረ።"

ቀዩ ግዙፍ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። ከጎኑ ባዶ ነው።

"አሁን ይቀበሉኛል አይደል? እርስዎ ይጻፉላቸው፤ እርስዎ ሲጽፉ ያምናሉ።"

ጻፍኩ። ከቡድኑ ስለወጣሁ በመልእክት ለአለቃ ላክሁለት። ተሳቢ አላት፣ ኢንተርኔት አላት፣ ምቷን አታስቀርም፤ ከዚያ በላይ ምን ይጻፋል? ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲያ፣ ከሆነ ዳገት ላይ፣ መልሱ ቶሎ መጣ። በላቲን ፊደል "ሞልቷል" ይላል።

አሳየኋት። አንብባው "እሺ" አለች። ሻይዋን ሳትጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "እራት አለብኝ" አለች፤ ገና ቀትር ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት አርብ መጣች። የጨዋታ ነገር አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ኋላ የምትሠራበት ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ገባ፤ እሷ ወዴት እንደ ሄደች የነገረኝ የለም። ከጅቡቲ ከመውጣቴ በፊት ጨዋታው ላይ ፈልጌ አገኘኋት። ቡድን የላትም። አንድ ተሳቢ አላት። ለመጨረሻ ጊዜ ከገባች ብዙ ቆይቷል።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ስልክህን አውጣ። ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ቦታ ይዟል ብለህ ከቡድንህ ያስወጣኸው ሰው አይጠፋም። ዛሬውኑ መልሰው። ቦታ ከሌለ አንተ ውጣና፣ እሱ መግባቱን በዓይንህ ሳታይ ስልኩን አትዝጋ።