የወረደ ገዥ

በገዳሪፍ የሰሊጥ መጋዘን በር ላይ የሚቆም አንድ ዘበኛ ነበር፤ ስሙን የጠየቀው የለም፣ እሱም አልነገረን። በዚያ ሐሩር የነተበ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይውላል። ከመተማ በኩል ለአረም የመጡትን ሠራተኞች፣ ማንም ሳያዘው፣ በሰልፍ አቁሞ "ጓዶች፣ ሥነ ሥርዓት!" ይላቸዋል። ሱዳናዊው ባለመጋዘን ይስቃል፤ ሠራተኞቹ ግን ይሰለፋሉ። የአውራጃ አስተዳዳሪ ነበር ይባላል። በአንድ ስብሰባ ተጨብጭቦለት ተሾመ፤ በሌላ ስብሰባ ተጨብጭቦበት ወረደና፣ ስብሰባው ሳይበተን ብቻውን ወደ ድንበር ሸሸ። ራሒማ ሻይ ቤት ሲገባ አሁንም እንድንነሣለት ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዳንዶቻችን አዝነንለት እንነሣለን።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጠን ሳለ ራዲዮው ስለ አንድ የአሜሪካ ግዛት ገዥ አወራ። ሕዝብ መርጦት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሙስና ተከሶ፣ ሸንጎው ከሥልጣን አውርዶታል።

"ወዴት ሸሸ?" አለ ዘበኛው።

"ምን ያሸሸዋል? ቤቱ ገባ እንጂ" አለው ነጋዴው ኢስሃቅ።

"አልታሰረም?"

"ከሚስቱ ጋር በገዛ መኪናው ሄደ ነው የሚለው።"

ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀ። "የኢምፔሪያሊዝም ፕሮፓጋንዳ! እንዲህ ያለ አወራረድ የለም" ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እቴ ራሒማ" አለ፤ "ሚስቱ አብራው ናት ነው ያሉት?"

"አዎ፣ አብራው ናት" አለችው።

"ታድሎ" ብሎ ወጣ።