የናፍጣው ዱላ

ያን ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ሊዘንብም ሊያባራም ያልወሰነ፣ ሰው የማያበሰብስ፣ ልብስም የማያደርቅ ካፊያ። እኛ ልብስ አጣቢዎች እንዲህ ያለ ቀን አንወድም። ሽቦው ላይ የተሰጣው አንሶላ ሁሉ እንደከበደ ይውላል። ጓሮ ቆሜ የሆቴል አንሶላ ስጨምቅ ስልኬ ጠራ። ታላቅ እህታችን ነበረች፤ እናታችን የምትኖረው እሷ ዘንድ ነው።

«እህቴ፣ እማዬ ደክማለች» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወርድላት ብሏል። እሱን፣ እሱን ትላለች። ቶሎ ድረሱ።»

እሱ ማለት ወንድማችን ነው። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ስለሚበልጥ ጋሼ እለዋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ እዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። የራሱ ቫን ነበረችው፤ የሆቴሎቹን ቆሻሻ አንሶላ ያመጣል፣ የታጠበውን ይመልሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ማን ናፍጣ የሚሸት ሰው ያቅፋል?» ብሎ ያልፈዋል።

የመጀመሪያዋን ቫን አሮጊቷ እንላት ነበር። ሲገዛትም የነዳጅ መለኪያ መርፌዋ ሞታለች። እሱ ግን አላሠራትም። የሰልባትዮዋ፣ የናፍጣ ጋኗ፣ አፍ ከበሩ ሥር ነው፣ ቱቦውም ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ፣ በየአምስት ሊትሩ በቢላ ጭረት አበጅቶለት፣ ያንን እየነከረ ይለካል። አውጥቶ እስከ የት እንደረጠበ ያያል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ከመቀመጫው ጀርባ ይሰካዋል። አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ናፍጣ አልቆበት አያውቅም። ማደያ ሲገባ ቀጂዎቹ ከሩቅ ይቀበሉታል።

«ባለ ዱላው መጣ! ዛሬ ደግሞ ማንን ልትመታ ነው?»

«አጉድሎ የሚቀዳ ካለ» ይላቸዋል።

አሮጊቷ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ቀረ፣ ሌላ ቫን ተፈለገ። እሷም ያገለገለች፣ እሷም የናፍጣ፣ ግን ነጭና ከአሮጊቷ በብዙ ዓመት የምታንስ። ደላላው ምሎ ተገዘተ፤ «ይቺ ናፍጣ አትጠጣም፣ ታሸታለች እንጂ!» አለን። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ አልሳቀም። ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን አየ፣ መዳፉን ጭስ ማውጫው ላይ አድርጎ አሸተተ፣ ቀጥሎ ዱላውን አምጥቶ ሰልባትዮው ውስጥ ሰደደ። ዱላው አንድ ክንድ እንኳ ሳይገባ ቀጥ አለ። ቱቦው ጠማማ ነበር። በዚያ ቢለው በዚህ ቢለው እምቢ አለ፤ ሲያወጣውም ደረቅ ነው።

«ጉሮሮዋ ጠማማ ነው» አለኝ። «ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«መርፌ አላት እኮ ጋሼ። ሰው ሁሉ መርፌ እያየ አይደለም የሚነዳው?»

«መርፌዋን የሠራት ሰው ነው።»

«ዱላውንስ መላእክት ናቸው የሠሩት?»

የመተኮሻ ክፍሏ ሴትዮ ይህን ሰምታ እስኪያንቃት ሳቀች። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ በየቀኑ ነገር እንፈልገው ጀመር። እሱ ግን የራሱን ዘዴ አበጀ። መርፌዋ ወደ ግማሽ መውረድ ስትጀምር ማደያ ገብቶ ይሞላል። ከግማሽ በታች አንድ ቀን አላወረዳትም። ናፍጣዋ ምን ያህል እንደሚያስኬዳት ሳያውቅ፣ እየፈራት፣ ስድስት ወር ነዳት። ዱላውን ግን ከመቀመጫው ጀርባ አላነሳውም። አንድ ቀን እኔ አንስቼ ጓሮ የረገበውን የልብስ ሽቦ ደገፍኩበት። መጥቶ አየው። አንሶላውን ጭኖ ሄደ።

ያን የካፊያ ቀን ስልኩን ዘግቼ ስሮጥ እሱ አንሶላ እየጫነ ነበር። ነገርኩት። ሁለት ተኩል ላይ ተነሳን፤ ጭነቱን ለማውረድ እንኳ ጊዜ አላጠፋንም። እህታችን ቤት ሦስት ሰዓት ያስነዳል።

በዚያ ሳምንት ናፍጣ ጠፍቶ ነበር፤ ጋሼም እንደ ልማዱ አልሞላም። ማደያው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ አልፏል። ወንድሜ ፍጥነት ቀንሶ ከመጨረሻው መኪና ኋላ ቆመ።

«ምን ልትሆን ነው?» አልኩት።

«ልቅዳ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ግማሽ አለ እኮ! ይኸው፣ ግማሽ!»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግማሽ ላይ ናት። ይሄ ነገር አላማረኝም።»

«ታዲያ የት ሄደህ ትጨርሰው? እዚሁ እዚሁ አይደል የምትዞረው? ይሄ ሰልፍ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እናትህ እየጠራችህ አንተ ናፍጣ ትሰለፋለህ?»

ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ማርሽ አስገባና ከሰልፉ ወጣ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዝን በኋላ ዳገት ላይ ሞተሩ ሳል አለ። ሁለቴ ሳለና ዝም አለ። መርፌዋን አየሁ፤ ግማሽ ላይ ናት። ወንድሜ መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ንቅንቅ አላለችም።

ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆመልን። «ጋሼ፣ የናፍጣ መኪና ባዶ ሆድ ይነዳል? ምን ነካህ?» አለና በጄሪካን ቀነሰልን። ቀዳን። እኔ ያለቀ መስሎኝ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ለካ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከደረቀ አየር ይስባል፤ አየሩ በእጅ ካልወጣ የቀዳኸው ናፍጣ ሞተሩ ዘንድ አይደርስም። አሮጊቷ ብትሆን ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ያስነሳት ነበር። የዚችን የእጅ ፓምፕ ግን የት እንደሆነ አያውቀውም። ካፊያው አልቆመም። ከጭነቱ አንድ የሆቴል አንሶላ ስቦ ጭቃው ላይ አነጠፈና ከሥሯ ገባ።

ሲያገኘው እኔ ፓምፑን እጫናለሁ፣ እሱ ብሎኗን ያላላል፣ አረፋ ይወጣል፣ ያጠብቃል፣ ቁልፉን ያዞራል፤ የለም። መዳፌ ተላጠ። ሹፌሩ አንድ ሰዓት አብሮን ለፍቶ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እህቴ ደወለች። «መንገድ ላይ ነን» አልኳት። ዳግም ስትደውል አላነሳሁም።

ሞተሩ የተነሳው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ሲነሳ ጮኼ ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ስንደርስ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመዋል። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየንም፤ በዚያ አወቅን። እህታችን ወጣች።

«ስምንት ሰዓት ላይ» አለችው። «እስከ መጨረሻው በሩን እያየች ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር፣ መጣ? ትለኛለች። የት ነበርክ?»

አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«ናፍጣ መቅዳት ረስቼ ነው።»

«ረስተህ?»

«አዎ፣ ረስቼ ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነድተህ፣ በዛሬዋ ቀን ረሳህ?»

ልብሱ ጭቃ፣ እጁ ናፍጣ ነበር። እናታችንን ከመንካቱ በፊት ታጥቦ መጣ፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። እኔ ጥግ ቆሜ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ የሚወስደው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሰልፉን ተሰልፈን ቢሆን ሰባት ተኩል ላይ እንደርስ ነበር። ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ።

ስንመለስ መካኒክ ሰልባትዮውን አወረደው። ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተይዞ ይቀራል። «ከግማሽ በላይ እውነቷን ነው» አለ መካኒኩ። «ከግማሽ በታች ትዋሻለች።» ወንድሜ ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ስላቆያት ውሸቷን አላየነውም ነበር። ዱላው ቢኖርም ለዚያች መኪና አይጠቅማትም፣ ይህን አውቃለሁ። ወንድሜን ግን አላመንኩትም፤ እሱን ትቼ መርፌ አመንኩ።

እህታችን ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረችውም። በዓመቱ አንድ ጊዜ ደፍሬ «ለምን ‹ቸኩላ ያላስቀዳችኝ እሷ ናት› አላልክም?» ብዬ ጠየቅሁት። ጎማ እያጠበ ነበር።

«ሁለታችንንም ከምትጠላ አንዳችንን ትጥላ» አለኝ። «አንቺ እህት ያስፈልግሻል።»

ይህን ባለኝ በወሩ ቫኗን ሸጣት። ለገዢው መጀመሪያ የነገረው የመርፌዋን ውሸት ነው።

አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚሠራው ያን ቀን ካልተሰለፍንበት ማደያ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ቀጂዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ከመሬት በታች ያለውን ታንከር ክዳን ከፍቶ ረጅም መለኪያ ዘንግ ያወርዳል፣ እስከ የት እንደረጠበ አይቶ ይጽፋል። ባለ ዱላው ማለታቸውን አልተዉም። ከማደያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። እህታችን በየእሁዱ እየደወለች ስለ እኔ ትጠይቀኛለች፣ ስለ እሱ አትጠይቅም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።