ተዝካር ላይ ክንድ ፍለጋ

የልጅ ልጄ ክንድ ማጠሩን መጀመሪያ ያየችው ክርስትና ያነሣቻት ሴት ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ «እጇ አጠር አላለም?» አለችና ነገሩን እንደ ዋዛ ጣል አድርጋው ሄደች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከልጅቱ ላይ አላነሣሁም። ራሷ ተለቅ ያለ፣ ክንዷና ጭኗ አጠር ያለ ነው። ምራቴ ስታጥባት ጠጋ ብዬ አያለሁ። እሷም ማየቴን ስታውቅ በነጠላዋ ትሸፍናታለች። ምን ልትደብቀኝ ነው? እላለሁ በሆዴ።

በታኅሣሥ ልጄና ምራቴ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሲወስዷት እኔም አብሬ ሄድኩ። ራጅ አነሷት። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፤ ረጋ ብላ ነገረችን። አጥንቷ እንደ ሌላው ሰው አይረዝምም፣ ቁመቷ አጭር ይሆናል፤ አእምሮዋ ግን ደህና ነው፣ ትሄዳለች፣ ትማራለች አለች። ጀርባዋ እስኪጠና ድረስ አታስቀምጧት፣ በአንቀልባ አትዘሏት፣ ስታቅፏትም ጀርባዋንና አንገቷን ደግፉ አለችን።

«ከማን ወገን መጣ?» አልኳት።

«ከማንም አይደለም፣ አባባ። ስትፀነስ በራሱ የተለወጠ ነገር ነው።»

አላመንኳትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በግ ያረባሁ ሰው ነኝ። ከነጫጭ በጎቼ መሐል ጥቁር ግልገል ሲወለድ፣ የማን አውራ በግ አጥሬን እንደ ዘለለ ሳልደርስበት ቀርቼ አላውቅም። በራሱ የሚመጣ ነገር የለም። ይቺ ሐኪም የምራቴን ፊት አይታ፣ አዝናላት ነው የደበቀችን አልኩ።

ታላቅ እኅቴ ከጎናችን ነው የምትኖረው። የሆነውን ስትሰማ እቤት ድረስ መጣች።

«ዘራቸውን ደብቀው ነው የዳሩልህ!» አለችኝ። «ሰባት ቤት ስትቆጥሩ ከርማችሁ ቁመት ሳትቆጥሩ ቀራችሁ። በል፣ ከነልጇ ወደ አባቷ ስደዳትና ልጅህ ሌላ ያግባ።»

ልጄ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «አባቴ ያለው ይሁን» አለ።

ምራቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ቀድሞ፣ ማዘሉ ስለ ተከለከለ፣ ውኃ ስትወርድ ልጅቱን እኔ ጭን ላይ አስተኝታ ነበር የምትሄደው። ከዚያ ወዲህ ግን ለእኔ መስጠት ተወች። ሕፃኗን ባንድ እጇ አቅፋ፣ ጀሪካኑን በሌላው ይዛ ቁልቁለቱን ትወርዳለች።

ጾሙ ሳይገባ፣ በምራቴ አገር በግሼ የአያቷ ተዝካር ደረሰ። እሷ ሕፃን ይዛ በዚያ ብርድ አትሄድም፤ እኔ ልሂድላችሁ አልኩ። ለምን እንደምሄድ ሁሉም ገብቷቸዋል። እኅቴ ሳቀች፤ ምራቴ አልሳቀችም። ተዝካር ላይ ወገን በሙሉ ይሰበሰባል፣ የተደበቀም ካለ እዚያ ይታያል ብዬ ነው።

ዳሱ ውስጥ ከፊት አስቀመጡኝ። ብርዱ ግን አስቸገረኝ። ወንዱ በርኖሱን፣ ሴቱ ባናውን እስከ ጉልበቱ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ማን ረጅም፣ ማን አጭር አይለይም። እንጀራው ሲቀርብ እጅ መውጣቱ አይቀርም ብዬ ጠበቅሁ። ወጣ። እኔ መብላቱን ትቼ ክንድ አያለሁ። የአጎቶቿ ረጅም ነው፤ የአክስቶቿም ደህና ነው። አንዲት አሮጊት ግን ከጥግ ተቀምጣ ለቄሱ እንኳ ሳትነሣ ቀረች። አገኘሁ! አልኩ። እስክትነሣ ስጠብቅ ወጡ ቀዘቀዘብኝ። በኋላ ሁለት ልጃገረዶች ደግፈው ሲያቆሟት፣ በቁመት ከእኔ ትበልጣለች። ለካ ጉልበቷን ነው የሚያማት።

«ምነው አይበሉም?» አሉኝ የምራቴ አባት፣ ጠላቸውን ይዘው አጠገቤ እየተቀመጡ።

«እየበላሁ ነው።»

«እያዩ ነው እንጂ። ምን አገኙ?»

አፍሬ እንጀራ ቆረስኩ።

«ግድ የለም። እኔም በጥምቀት እናንተ ዘንድ መጥቼ ነበር።»

«እኛ ዘንድ? መቼ አየሁዎት?»

«ተከናንቤ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበራ። ወገኖችዎ ሲጨፍሩ እግር እግራቸውን ሳይ ዋልኩ። ልጄን አጭር ዘር ውስጥ ጣልኳት ይሆን ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ ማንን አገኙ?»

«እርስዎን ብቻ።»

«እኔ ያጠርኩት በእርጅና ነው!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው በሳቅ ጠላቸውን በርኖሳቸው ላይ ደፉት። እኔም ትንሽ ቆይቼ ሳቄ መጣ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄን ሊመልሷት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

በርኖሳቸው ላይ የፈሰሰውን ጠላ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው።

ስመለስ መኪናው ውስጥ እንኳ ጥርጣሬዬ አልተወኝም። ያልመጣ ዘመድ ይኖር ይሆን? ሆነ ብለው አስቀርተውት ይሆን? እንዲህ እያልኩ መሐል ሜዳ ከተማ ልደርስ ስል፣ ሰውዬውም ከጥምቀት ሲመለሱ ስለ እኛ እንዲሁ እያሉ ሄደው ይሆናል አልኩ። ሁለት ሽማግሌ የሰው ቁመት ስናይ ከርመን ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ተመለስን። ያቺ ልጅ እግር ሐኪምም «ከማንም አይደለም» ብላን ነበር።

እቤት ስገባ እኅቴ ከልጄ ጋር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«እህስ? አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ደብቀውህ ነው።»

«እትዬ፣ ከሁለቱም ወገን አጭሩ እኔ ነኝ። ማባረር ካማረሽ እኔን አባሪኝ። እሷም ልጇም ከዚህ ቤት አይወጡም።»

ልጄ ቀና አለ። ምራቴ ከጓዳ ወጥታ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስተኛችልኝ።

«ጀርባዋን ይደግፉልኝ፣ አባባ» አለችና ጀሪካኗን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንዴ ዞራ እጄን አየች።

እኅቴ ጠጋ አለችና፣ «እስቲ እኔም ልቀፋት» ብላ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። መዳፏ ከልጅቱ ጀርባ ሥር እስኪገባ ድረስ ግን አጎንብሼ አየሁ።

«አሁን ደግሞ እኔን ጠረጠርክ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።