የአሊዩ አምባ ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ

«አባቴን የገደለ ነገር እህቴ ትንዳ ብዬ በእጄ አልፈርምም። ሌላ ዋስ ፈልጊ።»

ወንድሜ ይህን ያለኝ ደብረ ብርሃን፣ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት በር ላይ ቆሞ ነው። ወደ ውስጥ ዝለቂ እንኳ አላለኝም። ገና ከሥራ መመለሱ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም የመጣሁት ለዚያ መታወቂያ ነው። ሰው መኪናውን ዋስ ለሌለው ሾፌር አይሰጥም፤ ዋሱም የወር ደሞዝ ያለው መሆን አለበት። ከዘመዶቼ ሁሉ የወር ደሞዝ ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ያኛው መኪና እኮ አይደለም» አልኩት።

«የጭነት አይደለም?»

«የጭነት ነው።»

«በቃ!» አለና በሩን ዘጋው።

አባታችን የሞተው ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሲወርድ ነው። ባቄላ በጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ በላይ ተቀምጦ፤ መኪናው አንድ ኩርባ ላይ ገደል ገባ። ወንድሜ አጠገቡ ነበር። ወንድሜን ቁጥቋጦ ያዘው፤ አባቴን የያዘው ነገር የለም። እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፤ የማውቀው የተነገረኝን ነው። ወንድሜ ስለዚያ ቀን የተናገረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መጀመሪያ መኪናው ዝም አለ።»

ከዚያ ወዲህ ያችን ኩርባ በመኪና አልፏት አያውቅም። በምንም ቢሳፈር ያስቆማል፣ ይወርዳል፣ በእግሩ ያልፋታል። መንገደኛው ይስቅበታል። ይሳቅ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፤ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ፋብሪካ ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሮ መዋል አልቻልኩም፣ ወጣሁ። ካፌ ገባሁ፤ ከባለቤቱ ጋር ተጣላሁ፣ ወጣሁ። እናቴ «አንቺ መቀመጥ የሚሆንልሽ የሚሄድ ነገር ላይ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስላት ግን የያዘችውን ሥራ አስቀመጠች። ከዚያ፣

«አባትሽን ይዞ ገደል የገባው ሾፌር ልጅ በደንብ ተምሮ ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«አንቺ በደንብ ተማሪ» አለች።

ከጓሯችን አባቴ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ለኔ ሠርግ የታሰበ መሆኑን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ነጋዴ ጠርታ አስቆረጠችው። ለማሠልጠኛው የከፈልኩት በሱ ነው። ቀጫጭኖቹን ነጋዴው አልፈልግም ብሎ ተዋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋሱ የቤታችንን ግድግዳ በቀጥታ ይመታዋል፤ እናቴ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም።

ማሠልጠኛው ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ መኪና ነበረው። ተራችን እስኪደርስ የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተኮልኩለን እንቆማለን። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እሷ ከያዘችው እኛ በእግራችን እንሂድ» ይላሉ።

«ሂዱ፣ ለመኪናው ይቀለዋል» እላቸዋለሁ።

አስተማሪያችን ፊቱ የማይፈታ ሽማግሌ ነበር። አባቴ የሞተበት መኪና ለምን ዝም እንዳለ ያወቅሁት ከሱ ነው። አንዳንድ ሾፌር ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ያወጣና መኪናውን በገዛ ክብደቱ ይለቀዋል። ነዳጅ ይተርፈዋል፤ የተረፈውን ይሸጣል። ሞተሩ ድምፁን ያጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል አይይዝም። «ሽቅብ በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁል ውረዱ» ይለን ነበር። «ይጩህ፣ ተዉት! እየጮኸ ይያዛችሁ።» ሌሎቹ ይጽፋሉ። እኔ አልጻፍኩትም።

መንጃ ፈቃዱን ይዤ የጭነት መኪና ባለቤት አለ የተባለበት ሁሉ ሄድኩ።

«ልምድ አለሽ?»

«ሳትቀጥሩኝ ልምድ ከየት ይመጣል?»

«መጀመሪያ ረዳት ሁኚ።»

«እሺ፣ ረዳት ልሁን።»

«ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጋር ልታድሪ? ኧረ ባክሽ!»

አንዱ ሚስቴ ታባርረኛለች ብሎ ሳቀ። ሌላው ስልኬን ተቀበለ፤ ሲደውል ግን የሥራ ነገር አልነበረም። የሚገባውን ሰደብኩት።

በመጨረሻ እሺ ያሉኝ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው ሩቅ የሚሰማ ሴትዮ። ከደብረ ብርሃን ሲሚንቶና ቆርቆሮ አስጭነው ቆላ ያወርዳሉ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ወንዶቹ ነዳጄን ሸጠው ጨረሱት፣ ወላሂ! አንቺም ትሸጫለሽ?»

«ማርሽ አላወጣም እትዬ። የሚተርፍ ነዳጅም አይኖርም።»

«ታዲያ እኔ ምን አተረፍኩ?»

«መኪናዎን።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና «ዋስ አምጪ» አሉኝ።

ወንድሜ በሩን የዘጋብኝ ያን ዕለት ማታ ነው። በማግሥቱ ሄጄ አይፈርምም አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያዞሩ ቆዩ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ፣ በእኛ ወግ። «ነገ ቅዳሜ አይደል? ሥራ የለውም። እናቱን እንዲያይ አንኮበር እናደርሰዋለን በይው። መሪውን አንቺ ትይዣለሽ፣ እኔም አይሻለሁ። ዋስ ካላገኘሽ ግን እንዳትቀየሚኝ፤ ሰኞ የሚጀምር ሌላ ሾፌር አለኝ።»

ወንድሜን እኔ አልለመንኩትም። እናቴ ደወለችለት። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ጠዋት መጣ። እትዬ መሐል ተቀመጡ፣ እሱ በሩ ጥግ። አንኮበር ደረስን። ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ጋ ስንደርስ አቆምኩለት። አልወረደም።

«ቀጥይ» አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ጉም ነበር። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጋቢናው ይንቀጠቀጣል። ከኋላችን አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። ሲያልፈን ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣

«እማማ፣ ገበያው ሳይበተን ድረሺ!» አለኝ።

«ሂድ፣ የነዳጅ ሌባ!» አሉት እትዬ።

ያ መኪና ሲያልፈን የሞተር ድምፅ አልነበረውም። ወንድሜ የበሩን እጀታ ጨመቀ። ኩርባው ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣

«አቁሚ፣ ልውረድ» አለ።

አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። እትዬ «ዛሬ ረዳትሽ እኔ ነኝ» እያሉ፣ እያለከለኩ ወርደው ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። ወንድሜ ወረደ። ዳር ይዞ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ መንገዱ መሐል፣ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆመ።

«ከኋላዬ ነይ» አለኝ።

«ዳር ያዝ እንጂ!»

«ከኋላዬ ነይ አልኩሽ።»

እትዬ ድንጋዩን አንስተው ወደ ጋቢናው ተመለሱ። «ያ ረቢ» አሉ።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ወንድሜ ከፊቴ ቁልቁል ይሄዳል፤ እኔ በሱ እርምጃ እከተላለሁ። ከኋላዬ ሲሚንቶው፣ ከፊቴ የሱ ጀርባ። ዞሮ አላየኝም። ሞተሩ እየጮኸ ክብደቱን ይዞታል፤ እግሬን ከፍሬኑ በላይ አንዣብቤያለሁ፣ አልረገጥኩትም። ጉሙ ሲሸፍነው አንገቴን ወደ መስታወቱ አሰግጋለሁ፤ ጃኬቱ መልሶ ሲታየኝ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ጊዜ ፍሬን ያዝኩ። አማተበ። ትንሽ ቆየና መንገዱን ቀጠለ፤ እኔም ተከተልኩት።

ኩርባው አልቆ መንገዱ ሰፋ ሲል ዳር ወጣ። አጠገቡ ስደርስ አቆምኩና መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ፊቱ ረጥቧል።

«ዝም አላለም» አለኝ።

«አይልም።»

«ሰኞ በጠዋት መሥሪያ ቤት ነይ። የዋስትና ደብዳቤውን አጽፌ እፈርምልሻለሁ።»

«በል ግባ፣ እንሂድ።»

«አልገባም። ወደ እናቴ በእግሬ እመለሳለሁ።»

«ልጄ፣ ሲሚንቶው እርጥበት ሳያገኘው» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

ወንድሜ መንገዱን ወደ ታች አየው። ከዚያ ረዳቶች «ሂድ» ለማለት እንደሚያደርጉት የመኪናውን በር በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁና በዚያው ማርሽ ወረድኩ።