አፉ የተሰፋ ኪስ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ጥር መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ዓመት ቢያልፈውም፣ አንድ ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰው ደግሞ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ «አይ» እንደሚል ልብ ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። መካኒሳ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና የያዘች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከትዕግስትና ከስምንት ዓመቷ ልጃችን ከናርዶስ ጋር ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ አመሌን ልናዘዝ። ጉርሻ ሳልሰጥ ከአንድ ቤት መውጣት አልችልም። ለአስተናጋጅ፣ ለፀጉር አስተካካይ፣ ዕቃ ፎቅ ድረስ ለተሸከመልኝ ሰው አንድ ነገር እጁ ላይ ካላስጨበጥኩ የበላሁት አይስማማኝም። ሀብት ተርፎኝ አይደለም። እኔም ራሴ ደንበኛ ሱሪውን ለክቶ፣ በመስታወት ዞር ብሎ አይቶ «እጅህ ይባረክ፣ ይቺን ለሻይ» ሲለኝ ቀኔን ሙሉ ደስ ይለኛል። ትዕግስት ግን «ሰውዬው ለካ ሀብታም ነው፣ እኛ ነን ሳናውቅ በድህነት የምንኖረው» እያለች ታሾፍብኛለች።

ከዚያ ቅዳሜ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ለቡ አካባቢ የተከፈተ አንድ የመዝናኛ ፓርክ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ አሰፍቶኝ ነበር። ስሙን አልጠራም። ትዕዛዙን ይዘው የመጡት የሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ጋሽ ታምራት የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አርባ ሰማያዊ ሰደርያ፣ ግራና ቀኝ ኪስ፣ ኪሱ ላይ ክዳን። ክዳኑን ግን እስከ ታች ስፋና ዝጋው አሉኝ።

«ካልተከፈተ ታዲያ ኪሱ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያለ ኪስ ልብሱ ራቁቱን የቀረ ይመስላል» አሉና ሳቁ።

እኔም ስቄ ሰፋሁት። ሥራ ላይ ቀልድ ስለማላውቅ ድርብ ስፌት አድርጌ ዘጋሁት። ልብሱን አስረከብኩ፣ ሂሳቤን ተቀበልኩ፣ ነገሩንም ረሳሁት።

ጥር ላይ ናርዶስ በመንፈቅ ዓመቱ ከክፍሏ አምስተኛ ወጣች። ቃል ገብተንላት ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ይዘን ወደዚያው ፓርክ ሄድን። ገና በሩ ላይ ሰደርያዎቼን ሳይ ደረቴን ነፋሁ። «ይሄንን ሁሉ የሰፋው አባትሽ ነው» አልኳት። ልጄ ግን ዓይኗ ሸርተቴው ላይ ነበር።

ሸርተቴው ከአንድ ረጅም ማማ ላይ ተጠማዝዞ ወርዶ ሰውን ውሃ ውስጥ የሚጥል ነው። ከደረጃው ሥር ቀይ መስመር የተቀባበት ምሰሶ ቆሟል። ቁመቱ ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ አይወጣም። ምሰሶው አጠገብ የምትቆመው ሠራተኛ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ባልደረባዋ ስትጠራት ስሟ ዘይነባ መሆኑን ሰማሁ። ናርዶስን ምሰሶው ላይ አስደግፋ፣ መዳፏን አናቷ ላይ አድርጋ ለካቻትና «እለፊ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ልጄ እየሮጠች ወጣች። ጫፍ ላይ ደርሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ታች አየችና እንደዚያው ቀረች።

ከኋላዋ አምስት ስድስት ልጆች ተሰልፈዋል። መጀመሪያ «ቶሎ በይ» አሉ፣ ቀጥሎ መሳቅ ጀመሩ። ናርዶስ ሁለት እጇን ከብረቱ ጋር አጣብቃ «አባዬ!» እያለች ታለቅሳለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ከፍታ አልችልም፤ አራተኛ ፎቅ እየኖርኩ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣው ትዕግስት ናት። ደረጃው ሥር ቆሜ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ከማለት በቀር አንድ ደረጃ እንኳ አልወጣሁም። በጣም አፈርኩ።

ዘይነባ ማንንም አልጠበቀችም። ደረጃው እርጥብ ስለሆነ ጫማዋን አውልቃ ምሰሶው ሥር አስቀመጠችና ወጣች። ልጄ አጠገብ ተቀመጠች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ብቻ ናርዶስ አንድ እጇን ከብረቱ ላይ አነሳች፣ ቆየት ብላ ሌላውን አነሳች። ዘይነባ ልጆቹን ወደ ዳር ጠጋ አድርጋ፣ ልጄን በደረጃው ይዛት ወረደች።

ናርዶስ ታች ስትደርስ ልቅሶዋ ባሰ። «ፈሪ ይሉኛል» አለች።

ዘይነባ ቁጢጥ ብላ እንባዋን ጠረገችላት። «እነሱም የሚወርዱት እዚሁ ነው፣ አንቺም የወረድሽው እዚሁ ነው» አለቻት። ልጄ ትንሽ አሰበችበትና ልቅሶዋን አቆመች።

እንግዲህ አመሌ የተነሳው ይሄኔ ነው። ሁለት መቶ ብር አራት ቦታ አጠፍኩና በመጨባበጥ ሰበብ እጄን ዘረጋሁላት። ብሩን ስታይ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«አይ፣ ይተዉት» አለች።

«ለሻይ ነው እኮ።»

«አይቻልም ወንድሜ።»

«በሞቴ!»

«በአላህ ይተዉኝ» አለችና ፊቷን ወደ ናርዶስ መለሰች።

ያገሬ ሰው ይፍረደኝ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ይሉኝታ፣ ሦስተኛው ላይ እጅ መላላት ይጀምራል። እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲል ሰምቶ ሳህን የሚያነሳ ሰው አለ? እኔም ይሉኝታ ይዟት ነው አልኩ። ብሩን ሰደርያዋ ኪስ ላይ ጣል ላደርገው ስል ክዳኑ አልነሳ አለ። ድርብ ስፌት፣ የራሴ እጅ ሥራ። ለአፍታ «ቆይ፣ ይሄ ኪስ ግን ለምን ተዘጋ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብኝ፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ዓይኔ ጫማዋ ላይ አረፈ። ጥቁር ሽፍን ጫማ ነው፤ ከልኳ ሳይበልጥ አልቀረም፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጎስጉሶበታል። ዘይነባ ለልጄ ፎጣ ልታመጣ ፈቀቅ ስትል ጎንበስ አልኩና ብሩን ከጨርቁ ሥር አስገባሁት፣ እንዳይወድቅ ጠበቅ አድርጌ። ቤቷ ገብታ ስታወልቅ እንዴት እንደምትደሰት እያሰብኩ በራሴ ብልጠት ፈገግ አልኩ። እሷም ተመልሳ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ምሰሶዋ ሄደች።

እኛ ወደ ምግብ ቤቱ ሄድን። በልተን ስንጨርስ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ሰጠኋት፤ ምንም ሳትግደረደር «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለች። ትዕግስትም «ያቺ ሸርተቴው ጋ ያለችው ግን ምን ሆና ነው እንደዚያ እምቢ ያለችው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለእነሱ ክልክል ነው» አለች አስተናጋጇ። «እኛ ቲፕ እንቀበላለን። መጫወቻ ላይ ያሉት ግን አምስት ሳንቲም አይነኩም። በፊት ቁመታቸው ያልደረሰ ልጆችን ለማስገባት በእጅ የሚያስጨብጡ ወላጆች ነበሩ፤ አንድ ሕፃን ተጎድቶ ነው የተከለከለው። ኪሳቸውም የተሰፋው ለዚያ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ይፈተሻሉ፣ ጫማ ሳይቀር ያወልቃሉ። ብር የተገኘባት ትሰናበታለች።»

ትዕግስት ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት።

«ፈረቃ የሚቀየረው መቼ ነው?» አልኳት አስተናጋጇን።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ሰዓቴን ሳይ አልፏል። ተነስቼ ሮጥኩ።

መፈተሻዋ በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል ናት። ዘይነባ በካልሲዋ ሲሚንቶ ላይ ቆማለች። ጫማዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጨርቁ ወጥቷል፣ ብሬ አራት ቦታ እንደታጠፈ አጠገቡ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ኋላ ወረቀት አውጥተው የሚጽፉት ጋሽ ታምራት ናቸው። አልጮኹባትም። «ከጨርቅ ሥር ዘይነባ? ካንቺ አልጠብቅም ነበር» ሲሉ ሰማሁ። እሷም «ወላሂ ጋሼ፣ እንዴት እንደገባ አላውቅም» ትላለች። እውነቷን ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጨርቅ መሀል አልተሰማትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ ከበሩ ላይ። «እኔ ነኝ የከተትኩት። እሷ እምቢ ብላኛለች።»

ጋሽ ታምራት ቀና አሉ። «ደረጄ? ልብስ ሰፊው?»

«አዎ ጋሼ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተን አውቅሃለሁ። ግን እዚህ መጥቶ ‹እኔ ነኝ ሳታውቅ የሰጠኋት› የሚል ሰው በየጊዜው ነው የሚያጋጥመኝ። ልጅህ ከመስመሩ በታች ብትሆንስ? አምጣትና ትለካ» አሉኝ።

ትዕግስትና ናርዶስ እያለከለኩ ደረሱ። ሁላችንም ወደ ምሰሶው ሄድን። ጋሽ ታምራት የልጄን ጫማ አስወለቁ፣ የተበተነ ፀጉሯን በመዳፋቸው ተጭነው ለኩ። በሕይወቴ ስንት ሰው ለክቻለሁ፣ እንደዚያን ቀን ልኬት ግን የፈራሁት የለም። ናርዶስ ከቀይ መስመሩ በሁለት ጣት ትበልጣለች።

ናርዶስ ከምሰሶው ሳትለቅ ተናገረች። «እሷ አይ ብላዋለች። አባዬ ነው ጫማዋ ውስጥ የደበቀው። እኔ አይቼዋለሁ።»

የደበቀው አለች። ሰጠ አይደለም፣ ደበቀ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ራሴ እንደዚያ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ታምራት የጀመሩትን ወረቀት ቀደው ጣሉት። ብሩን እጄ ላይ መለሱልኝና «ዘይነባ፣ ጫማሽን አድርጊ። ነገ በሰዓትሽ ግቢ» ብለው ሄዱ።

ይቅርታ ልጠይቃት ወደ ዘይነባ ጠጋ አልኩ። እግሯን ጫማው ውስጥ እያስገባች ቀና ብላ አየችኝ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስትለኝ ቆይታ፣ አሁን አንተ አለችኝ።

«አይ አልኩህ። ሦስቴ አልኩህ» አለች በዝግታ። «ፉሪ ቤት ተከራይቼ ሁለት ልጅ የማሳድገው በዚህች ሥራ ነው። ልታከብረኝ ፈልገህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ብር ከምትሰጠኝ ቃሌን ብትሰማኝ ይሻለኝ ነበር።»

የተመለሰልኝን ብር ኪሴ ከተትኩት።

ትዕግስት ናት «እህቴ፣ ምን ብናደርግልሽ ይሻላል?» ብላ የጠየቀቻት። መጠየቅ እኮ ይቻል ነበር።

«መውጫው ላይ የአስተያየት መዝገብ አለ» አለች ዘይነባ። «የሠራተኛ ስም ጠርቶ የሚያመሰግን ሰው ካለ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ፈረቃ ስንመርጥ ይታይልናል። ግን ማንም አይጽፍም። ስማችንን የሚያውቅ የለማ።»

መዝገቡን ከፈትነው። አብዛኛው ገጽ ባዶ ነው። እኔ ልጽፍ ስል ናርዶስ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና በተጣመመ ፊደሏ «ዘይነባ በደረጃ አወረደችኝ። አልሳቀችብኝም» ብላ ጻፈች። ከዚያ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም፤ ሥሯ ፈረምኩ።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ጋሽ ታምራት አዲስ ሰደርያ ሊያሰፉ ሱቄ መጡ። ኪሱን እንደ በፊቱ ዝጋው ሲሉኝ «ኪሱ ጭራሽ ይቅር ጋሼ» አልኳቸው። «የማይከፈት ኪስ እንደ እኔ ያለውን ደረቅ ሰው ይጠራል። በኪሱ ቦታ ስማቸውን ልስፋበት።» ጥቂት አሰቡና እሺ አሉ። በነጭ ክር መጀመሪያ የሰፋሁት የዘይነባን ስም ነው።

አሁን ያንን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ፣ ግን ጠቅሞኛል። ጉርሻ መስጠቴን አልተውኩም፤ ከመስጠቴ በፊት ግን እጠይቃለሁ። አይ የሚለኝን ሰው ደግሞ ፊቱን አየዋለሁ። አንዳንዴ አበዛዋለሁ መሰለኝ፤ አማቴ ቤታችን መጥተው «በቃኝ» ሲሉ ሳህኑን አንስቼባቸው ሳምንት አኩርፈውኛል።

ልብሱን ያስረከብኩ ዕለት ዘይነባ አዲሱን ሰደርያ ለበሰችና ስሟን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ «ሻይ ላምጣልህ?» አለችኝ። በዚያ ፀሐይ አርባ ልብስ ተሸክሜ ጉሮሮዬ ደርቋል። አፌ ግን የለመደውን አለ። «አይ፣ ይቅርብኝ።»

«እሺ» አለችና ሄደች።

ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ቆምኩ። አልጠየቀችኝም። ምሰሶዋ ጋ ደርሳ ዞር ስትል እዚያው እንደተገተርኩ አየችኝና ሳቋ መጣ።

«ዘይነባ» አልኳት፣ «ሻዩን ፈልጌዋለሁ።»

አመጣችልኝ።